«ጅብ ወሰዳት» ላለማለት

ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናወራው ቁርኣን ስለ ማስቀራት፣ ስለ ሶላትና ስለ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው ሕፃን አፍ ውስጥ ስላለች ቁራጭ ጎማ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን በቤታችን ሁለት ሳምንት ከታገልናት በኋላ ጉዳዩ ከዲናችን ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳለ ስላየን ለውድ አንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

ሰው «የእንጀራ እናት» የሚላት ይህች ጎማ ስሟ ሥራዋን ይናገራል፤ ትጠባለች እንጂ ወተት የላትም። ወደ ቤታችን የገባችው የልጃችን አክስት ከጂዳ ስትመለስ ካመጣችው ዕቃ ጋር ነው። ጥቅም የላትም አንልም። መጥባት ከሕፃኑ ጋር አብሮ የተፈጠረ ነገር ነው፤ በአላህ (ሱ.ወ) ጥበብ ጽንሱ ገና በማሕፀን ሳለ ጣቱን ይጠባል። በመጀመሪያው ዓመት ሕፃኑ ሲተኛ ብትሰጠው በእንቅልፍ ላይ የሚደርስን ድንገተኛ ሞት ትቀንሳለች የሚሉ ሐኪሞችም አሉ። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1989 እ.ኤ.አ. ጡት ማጥባትን ለመደገፍ ባወጧቸው ዐሥር ነጥቦች ውስጥ ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት እንዳትሰጥ አሳስበው ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ግን እናቶች ስለ አጠቃቀሟና ስለ ጉዳቷ ምክር ያግኙ ወደሚል አለዘቡት። ልጁ ከፍ ሲል ጉዳቷ ያመዝናል። የጆሮ ሕመም ታበዛለች፤ እስከ ሦስትና አራት ዓመት ከዘለቀች የላይና የታች የፊት ጥርሶች እንዳይገጥሙ ታደርጋለች። በክር አንገት ላይ ማንጠልጠሉማ (በየሰፈሩ እናየዋለን) ልጅን ሊያንቅ ይችላል።

ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ፣ ማጥባትን መሙላት ለሚሻ ጊዜው ሁለት ሙሉ ዓመት መሆኑን፣ ከዚያ በፊት ማስጣል ቢፈልጉም ባልና ሚስት ተስማምተውና ተመካክረው ከሆነ ኃጢአት እንደሌለባቸው ያስተምራል። አንቀጹ ስለ ጎማ የወረደ አይደለም። ይሁንና ሕፃን ከሚወደው ነገር ሲለይ አባትና እናት ተቀምጠው ይመካከሩ የሚለው ትምህርት ለእኛም ልክ ሆኖ አገኘነው። በብዙ ቤት ነገሩ የእናት ብቻ ነውና፤ ሌሊት የሚያለቅሰውን የምትሸከመው እርሷ፣ «ዝም አታሰኚውም?» ባዩ እርሱ።

ምክር መስጠት የጀመሩት አያቱ ነበሩ። «ሬት ቀቧትና ስጡት፤ የአንድ ቀን ነገር ነው» አሉን። ጎረቤታችን ደግሞ «ጅብ ወሰዳት በሉት፣ ይረሳል» አለችን። ሬቱን እናቱ አልወደደችውም፤ ልጁ አምኖ አፉን በከፈተበት ነገር ማታለል መሰላት። ጅቡን በተመለከተ ሁለታችንም ያስታወስነው አቡ ዳውድ የዘገቡትን ሐዲስ ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዓሚር ልጅ ሳሉ እናታቸው አንድ ነገር እንደሚሰጧቸው ነግረው ይጠሯቸዋል። በቤቱ ተቀምጠው የነበሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለልጁ ምን ሊሰጡት እንዳሰቡ እናትየውን ጠየቋቸው። ተምር መሆኑን ሲነግሯቸው፣ ምንም ባይሰጡት ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባቸው እንደነበር አስረዷቸው። ለተምር እንዲህ ከሆነ የእኛ ጅብማ የት ሊገባ ነው?

የመጀመሪያውን ሳምንት ቀን ቀን ከለከልነው፤ ለመኝታ ብቻ ሰጠነው። ቀጥሎ በዓርብ ምሽት፣ አባቱ በማግስቱ ወደ ማስተማር ስለማይሄድ፣ ዐይኑ እያየ ሣጥን ውስጥ ቆለፍናትና ማደጉን፣ ከእንግዲህም እንደማንሰጠው ነገርነው። ሌሊቱ ከባድ ነበር። «ስጡኝ!» እያለ ሣጥኑን ደበደበ። ጅብ ወስዷት ቢሆን ቁጣው በጅቡ ላይ በሆነ፤ አሁን ግን የተቆጣው በእኛ ነው። እናቱን ገፈተራት። አባቱ አዝሎት ሱረቱል ኢኽላስን እየደጋገመ ግቢውን ሲዞር አደረ፤ ልጅ ያዘለ ወንድ ለማየት ብቅ ያለ ጎረቤትም አልጠፋም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ልጁ እንባው ሳይደርቅ በከለከሉት ሰዎች ጀርባ ላይ ተኛ።

በሁለተኛው ሌሊት ግማሽ ሰዓት ያህል አለቀሰ። በሦስተኛው የእናቱን የነጠላ ጫፍ ጨብጦ ተኛ። በአምስተኛው ቀን ቤታችን የመጣች እንግዳ ስለ ጎማዋ ብትጠይቀው፣ «ሣጥን ውስጥ» አላት፤ ማንም ሳይነግረው። ባለፈው ወር መርፌ ሲወጋ እንደሚያመውና ቶሎ እንደሚያልፍ ነግረነው ነበር። ጮኸ፤ ግን እጁን አልነጠቀንም። ጠዋት አባቱ ከመግሪብ በኋላ እንደሚመለስ ሲነግረው በር ላይ ይለቀዋል።

ልጁ ከታመመ፣ ቤት ከለወጣችሁ ወይም አዲስ ሕፃን ከተወለደ ግን ለጥቂት ሳምንታት ብታቆዩት ይሻላል፤ ሁለት ሐዘን በአንድ ጊዜ ይበዛበታል። አያቱ ግን ሬቱን እስካሁን አልጣሉትም። «ለሚቀጥለው ይሆናል፣ ኢንሻአላህ» ይላሉ።