ከቢላ፦ ዶክተሯ እንደገና ታጠናለች

ይድረስ ለመላው ቤተሰብ፣

ሁላችሁም ከሁሉ በፊት የምትጠይቁትን ልመልስ፤ ልጅቷ ደኅና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ታጠናለች።

ያለችውም እዚሁ ቢላ ነው፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ አምቦንና ባኮን አልፎ፣ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነቀምቴ ያድራል። በማግስቱ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ሲወርድ ሙቀቱ ይቀበለዋል፤ ድልድዩን ተሻግሮ የአድቬንቲስት ሆስፒታል ወዳለባት ጊምቢ ሲወጣ ደግሞ አየሩ ይቀዘቅዝና ግራ ቀኙ ቡና ይሆናል። በንግዱ ዓለም «ለቀምቴ» የሚባለው ቡና የሚለቀመው በዚህ አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲያ ቦጂ ነው፣ ቢላም እዚያው ናት።

በቢላ ልጅቷን በስሟ የሚጠራት የለም። የሕክምና ትምህርት አምስተኛ ዓመት ሳለች ጀምሮ ለከተማው ሁሉ «ዶክተር» ናት። የሙያ ፈቃድ ፈተናዋ ውጤት የመጣ ሰሞን የከበዳትም ይኸው ስም ነበር። ሱቅ ስትሄድ ዶክተር፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ዶክተር፣ ቡና ሲጠጣ ደግሞ «ዶክተር፣ ሥራ መቼ ነው የምትጀምሪው?» ይሏታል። ከቤት መውጣት ተወች። ሰው ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። እናቷም መጀመሪያ ላይ «ራሷን አሟት ነው» እያለች ትሸፍንላት ነበር።

ነገሩን የቀየረችው ግን እናቷ ራሷ ናት። አንድ ቀን ጎረቤቶች ተሰብስበው ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ልጄ ፈተናውን ወድቃለች፣ ደግማ ትፈተናለች» አለች። «አላለፈላትም» አላለችም፣ «ዕድሏ ነው» ብላም አላለባበሰችም። ሴቶቹ ትንሽ ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዷ የራሷ ልጅ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ስንቴ እንደወደቀ ማውራት ጀመረች። ልጅቷ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰማች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጥያቄው ቆሟል። መንገድ ላይ የሚያገኛት ሰው አሁን የሚላት «በርቺ» ብቻ ነው። እኛም ለዘመድ ወዳጅ «ምደባ እየጠበቀች ነው» ማለታችንን ብንተው መልካም ነው። የምንደብቀው እኛ ስንሆን ተሸካሚዋ እሷ ናት።

«ስድስት ዓመት ተምራ፣ ኢንተርን ሆና ሌሊቱን ዋርድ ውስጥ አድራ፣ ደግሞ የምን ፈተና ነው?» ላላችሁት፦ ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሐኪሙንም ነርሱንም አዋላጁንም ከዲግሪው በኋላ በአገር አቀፍ የብቃት ምዘና ይፈትናል። ተማሪዎቹ «ላይሰንሰር» የሚሉት ይህ ነው። እሱን ያላለፈ የሙያ ፈቃድ አያገኝም፣ ፈቃድ የሌለው ደግሞ ማከም አይችልም። ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሕፃኑን ታቅፋ የምትመጣ እናት ሐኪሙ ብቁ መሆኑን የምታጣራበት ሌላ መንገድ የላትም። እንግሊዝ አገር መሥራት የሚፈልግ የውጭ ሐኪምም በፈቃድ ፈተናው የመጀመሪያ ክፍል 180 ጥያቄ በሦስት ሰዓት ይመልሳል። በአሜሪካ ደግሞ ከሐኪሞች ፈቃድ ፈተና አንዱን ደረጃ ከአራት ጊዜ በላይ መፈተን አይፈቀድም።

መውደቅም የእሷ ብቻ አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የሰጠውን የመጀመሪያውን አጠቃላይ የመውጫ ፈተና አስታውሱ፤ ፈተናው ሌላ ቢሆንም፣ ከተቀመጡት 150 ሺህ ገደማ ተፈታኞች ያለፉት 61 ሺህ ያህል ነበሩ። የወለጋ ልጆች ደግሞ ሌላም ጫና አለባቸው። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሰላሙ ሲደፈርስ መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ይቋረጣል። ይህ ጫና በምዘናው አይታይም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ጥናቷ ልምጣ፣ ደስ ያለኝ እሱ ነውና። በፊት ሃሪሰን የተባለውን የሕክምና መጽሐፍ ዘርግታ እያሰመረች ታነብ ነበር፣ ስትጨርስ እንደገና ከላይ ትጀምራለች። አሁን ጠዋት መጽሐፉን ዘግታ ጥያቄ ትሠራለች። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ይደግፋል፤ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 40 በመቶውን ሲሆን፣ አንዴ አንብበው ራሳቸውን ደጋግመው የፈተኑት ግን 61 በመቶውን ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግሞ ብልጫው የደጋጋሚ አንባቢዎቹ ነበር። ልጅቷ «እኔም የተታለልኩት በዚያች አምስት ደቂቃ ነው» ትላለች።

የሳተችውን ሁሉ በአንድ ደብተር ትጽፋለች፣ ለምን እንደሳተችም ጭምር። ደብተሩን ስታሳየኝ እንዳየሁት ብዙው ስህተት ካለማወቅ የመጣ አይደለም። ጥያቄው «ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው?» ሲላት እሷ የመጨረሻውን ምርመራ ትመርጣለች። ወልዳ ደም የሚፈሳት እናት ስትቀርብላት አልትራሳውንድ ብላለች፤ መልሱ ግን ማህፀኑን ማሸትና ኦክሲቶሲን መስጠት ነበር። ዋርድ ውስጥ ብትሆን እጇ ሳይነገረው ያደርገው ነበር።

ከሁሉ የሚከብዳት በር የሚያንኳኳው ሕመምተኛ ነው። አካባቢው ወባ አያጣውም። አንዲት ነፍሰ ጡር ትኩሳት ይዟት መጣች፤ ልጅቷ መድኃኒት አላዘዘችም፣ ነጠላዋን አጣፍታ ጤና ጣቢያ ድረስ አብራት ሄደች። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ሆኖ ተገኘ። ማታ ደብተሯ ላይ «ክሎሮኪን ይሰጣል፣ ለነፍሰ ጡር ፕሪማኪን የለም» ብላ ጻፈች። ፈቃድ ሳይኖራት አለማከሟን ሳይ፣ ይህች ልጅ ሐኪም ናት አልኩ።

አያቷ አንጮቴ የተባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው በቅቤ ያቀርቡላታል፣ «አጥንት ይጠግናል» እያሉ። የኦኔሲሞስ ነሲብንም ታሪክ የሚነግሯት እሳቸው ናቸው። በባርነት ተወስደው ነጻ የወጡት ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1881 በሱዳን በኩል፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በሸዋ በኩል ወደ ወለጋ ሊገቡ ሞክረው ሁለቱም ጊዜ ተመልሰዋል። በመጠበቁ ዘመን ከአስቴር ጋኖ ጋር እየሠሩ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ፣ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1904 ወለጋ ገቡ። ልጅቷ ታሪኩን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ አሁን ግን የምትጠይቀው መካከል ላይ ያሉትን ዓመታት ነው፣ በየቀኑ ምን ይሠሩ እንደነበር።

ከእናንተ የሚፈለገው ይህ ነው። እዚህ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከመፈተኗ በፊት ያለውን ጊዜ ነቀምቴ ተቀምጣ ብትለማመድ ይሻላል። ለአንድ ክፍል ኪራይና ለዳታ ተዋጡና ላኩ። ቻርጅ የሚይዝ ፓወር ባንክ በሚመጣ ሰው ስጡልኝ። ስትደውሉላት ደግሞ ፈተናው መቼ እንደሆነ አትጠይቋት፤ ቀኑ ሲወጣ ራሷ ትነግራችኋለች።