«መመለስ»ን በእስፓኝኛ ማርባት

ወጣት አንባብያን ሆይ፥ ግስ አርቡ የሚል ትእዛዝ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ብዙዎቻችሁ እንደምትሰለቹ ዐውቃለሁ። ተመለስሁ፥ ተመለስህ፥ ተመለስሽ፥ ተመለሰ እያሉ መደርደር ደረቅ ሥራ ሊመስላችሁ ይችላል። በቅኔ ቤት ግስ ሲያወርድ የሚያድረው ተማሪም መጀመሪያ ሰሞን እንዲሁ ሳይመስለው አይቀርም። ነገር ግን እርባታ፥ ማን? መቼ? የታመነ ነው ወይስ የተመኙት? ለሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በአንዲት ቃል ዳርቻ ላይ መልስ የሚሰጥ ብልሃት ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ይህን ብልሃት ሳናስበው ስለምንሠራበት አናስተውለውም። በባዕድ ቋንቋ ሲገጥመን ግን ቆም ብለን ልናየው ግድ ይሆንብናል። ለዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚሆነኝ «ሬግሬሳር» የተባለው የእስፓኝኛ ግስ ነው። ትርጉሙ መመለስ ነው።

ይህን ግስ የተማርሁት በኩባ ነው። ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ልጆች ባሕር ተሻግረው በአንዲት የኩባ ደሴት ይማሩ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ ነበሩ። ደሴቲቱ «ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ»፥ ማለትም የወጣቶች ደሴት ትባላለች፤ እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ ስሟ የጥድ ደሴት ነበር። እኔም ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበርሁ። ከሞዛምቢክ፥ ከአንጎላና ከናሚቢያ የመጡ እኩዮቻችንም በየትምህርት ቤታቸው ይኖሩ ነበር። የቀኑን እኩሌታ እንማራለን፤ እኩሌታውን በፍራፍሬ ማሳ እንሠራለን። ብርቱካን የሚያህል፥ ነገር ግን መረር የሚል ፍሬ ነበር የምንለቅመው፤ ዛሬም ሽታው ሲያውደኝ እርባታው ትዝ ይለኛል። እንዲህ ላለ ልጅ፥ መመለስ የሚለው ግስ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ የሚታለፍ ተራ ቃል አልነበረም።

እስቲ ወደ ቃሉ እንግባ። በአማርኛ የግስ ሥር የሚባሉት ተነባቢዎቹ ናቸው። መ፥ ለ፥ ሰ ጸንተው ሲኖሩ አናባቢዎቹ በመካከላቸው ይለዋወጣሉ፤ ከፊትም ከኋላም ምዕላድ ይጨመርባቸዋል። እስፓኝኛ አካሄዱ ሌላ ነው። «ሬግሬስ» የሚለው ግንድ ሳይነካ ይቀመጣል፤ ሥራው ሁሉ በጅራቱ ላይ ነው። የእስፓኝኛ ግሶች አርእስት በ«አር»፥ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» ያልቃል። «ሬግሬሳር» ከመጀመሪያው ወገን ሲሆን፥ ይህም ወገን ከሦስቱ እጅግ ሰፊው ነው። ሕጉን የማያፈርስ ግስ ስለ ሆነ፥ የእርሱን እርባታ ያወቀ ሰው በሺህ የሚቈጠሩ ግሶችን እንዳወቀ ይቈጠራል።

በአሁን ጊዜ ሲረባ «ሬግሬሶ» እመለሳለሁ፥ «ሬግሬሳስ» ትመለሳለህ፥ «ሬግሬሳ» ይመለሳል፥ «ሬግሬሳሞስ» እንመለሳለን፥ «ሬግሬሳን» ይመለሳሉ ይሆናል። እኔ፥ አንተ፥ እርሱ ብሎ መጥራት እንደ አማርኛችን ሁሉ አያስፈልግም፤ ጅራቱ ባለቤቱን ይናገራልና። ወንድንና ሴትን ግን አይለይም፤ «ሬግሬሳስ» ትመለሻለሽም ነው፥ «ሬግሬሳ» ትመለሳለችም ነው። በዚህ በኩል አማርኛ የበለጠ ጠንቃቃ ነው ብል አድልዎ አይሆንብኝም። የኩባ ሰዎች ደግሞ በንግግር የቃል መጨረሻ የሆነችውን «ስ» አቅልለው ወይም ውጠው ስለሚያልፏት፥ «ትመለሳለህ»ና «ይመለሳል» በጆሮ ሊለዩ እስከማይችሉ ድረስ ይቀራረባሉ። ስለዚህ ከእስፓኝ ሰዎች ይልቅ «ቱ» የሚለውን፥ አንተ ማለት ነው፥ አዘውትረው ይጠሩታል። ከቃሉ ጅራት የጠፋው ነገር በራስጌው ተተካ ማለት ነው።

የአክብሮቱ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእስፓኝኛ ለታላቅ ሰው «ኡስቴድ» ይባላል፤ እርስዎ እንደ ማለት ነው። ቃሉ የመጣው ከ«ቡዌስትራ ሜርሴድ»፥ ማለትም «ቸርነትዎ» ከሚለው አጠራር ነው። ሰውን በቸርነቱ ስም ስለ ጠሩት ግሱ የቅርብ መሆኑ ቀረና የሩቅ ሆነ፤ «ኡስቴድ ሬግሬሳ» ሲባል ግሱ ይመለሳል ከሚለው ጋር አንድ ነው። አማርኛስ? «እርስዎ ይመለሳሉ» ስንል ግሱ «እነርሱ ይመለሳሉ» ከሚለው በምን ይለያል? በምንም። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይማከሩ፥ ፊት ለፊት የቆመን የተከበረ ሰው በሰዋስው ራቅ አድርገው ማስቀመጥን መርጠዋል። እኛ ደግሞ አራቅነውም፥ አበዛነውም።

ወደ ኃላፊ ጊዜ ስንሄድ እስፓኝኛ ሁለት መንገድ ያሳየናል። አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ለተዘጋ ነገር «ሬግሬሴ» ይላል፤ ተመለስሁ ማለት ነው። ሲደጋገም ለነበረ ወይም በመፈጸም ላይ ለነበረ ነገር ግን «ሬግሬሳባ» ይላል፤ እመለስ ነበር ማለት ነው። ከማሳው በየቀኑ ስንመለስ የኖርንበት ዘመን «ሬግሬሳባሞስ» ነው። «ኤ ሬግሬሳዶ» የሚለውም ተመልሻለሁ ከሚለው ብዙ አይርቅም። እዚህ ላይ አማርኛ የሚያውቅ ተማሪ የሚቸገርበት ነገር ስለሌለ እንለፈው።

የሚቸገርበት ነገር ድምፁ የሚያርፍበት ስፍራ ነው። ከላይ «ሬግሬሶ» እመለሳለሁ ነው ብያለሁ። ተመለሰ ለማለትም «ሬግሬሶ» ይባላል! በእኛ ፊደል ሲጻፉ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ልዩነቱ፥ እመለሳለሁ ሲሆን ድምፁ በ«ግሬ» ላይ ይበረታል፤ ተመለሰ ሲሆን በመጨረሻዋ «ሶ» ላይ ይበረታል። በእስፓኝኛ ጽሕፈት ይህችኛዋ ፊደል በራሷ ላይ ትንሽ ጭረት ይደረግባታል። እናንተ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻችሁም። «ይመታል» የሚለውን ቃል አላልታችሁና አጥብቃችሁ አንብቡት፤ ሲላላ መቺው ነው፥ ሲጠብቅ ተመቺው ነው። ዋና ሲላላ በውሃ ላይ የሚዋኙት ነው፥ ሲጠብቅ አለቃው ነው። ለእኛ የሚያጠብቀውና የሚያላላው አንደበት የሚሠራውን ሥራ፥ ለእነርሱ የድምፅ መበርታት ይሠራዋል።

የትንቢቱ ጊዜ ታሪክ አለው። «ሬግሬሳሬ» እመለሳለሁ፥ «ሬግሬሳራስ» ትመለሳለህ፥ «ሬግሬሳራ» ይመለሳል። ጅራቶቹን ለብቻ ብትቈርጧቸው «ኤ»፥ «አስ»፥ «አ» የሚሉትን ታገኛላችሁ። እነዚህ ደግሞ «አለኝ፥ አለህ፥ አለው» የሚል ትርጉም የነበራቸው ረዳት ግሶች ናቸው። የጥንቱ ተናጋሪ «መመለስ አለኝ» ይል ነበር፤ በዘመን ብዛት ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው አንድ ሆኑ። አሁን «እመለሳለሁ» የሚለውን የራሳችሁን ቃል ቈርጣችሁ ተመልከቱት። እመለስ፥ አለሁ። «ይመለሳል» ይመለስ፥ አለ። ረዳት ግስ ከዋናው ግስ ኋላ ተጣብቆ ጊዜን መንገሩ በሁለቱም ቋንቋ አለ። የእስፓኝኛን ሰዋስው ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ አሳትሞ ያወጣው አንቶኒዮ ዴ ኔብሪኻ ነው፤ ዘመኑም በፈረንጆች አቆጣጠር 1492 ነበር።

እስካሁን ያየነው ሁሉ የታመነ ነገር የሚነገርበት አንቀጽ ነው። ከእርባታው ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ግን ሌላው፥ የግእዝ መምህራን ዘንድ አንቀጽ ከሚሉት ጋር የሚመሳሰለው ነው። ተናጋሪው ነገሩ ሆነ ወይም ይሆናል ብሎ ሲመሰክር አንድ ዐይነት ጅራት አለ፤ ሲመኝ፥ ሲፈራ፥ ሲጠራጠር፥ ሲለምን ሌላ ጅራት አለ። ይመለሳል «ሬግሬሳ» ነው፤ ይመለስ ዘንድ «ሬግሬሴ» ነው። «አ» ወደ «ኤ» ዞረች፤ ሌላ የተለወጠ የለም።

በደሴቲቱ ሳለን ከአገር ቤት ደብዳቤ የሚደርሰን ብዙ ቈይቶ ነበር። እናቴ ፊደል ስላልቈጠረች በጎረቤት ልጅ እጅ ታስጽፋለች። በአንዱ ደብዳቤ ላይ «እንደምትመለስ ዐውቃለሁ» የሚል ቃል ነበረ፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «በቶሎ እንድትመለስ እፈልጋለሁ» ይላል። የሰዋስው መምህራችን ኩባዊት ነበረች። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ወደ እስፓኝኛ እንድመልሳቸው ጠየቀችኝ። የመጀመሪያውን «ሴ ኬ ሬግሬሳራስ» አልሁ፤ ሁለተኛውን «ኪዬሮ ኬ ሬግሬሴስ» አልሁ። ከዚያም አማርኛውን በዝግታ እንዳነብላት አዘዘችኝ። እንደምትመለስ፤ እንድትመለስ። በዕውቀትና በምኞት መካከል ያለው ልዩነት በአማርኛም እንዲሁ ጠባብ መሆኑን ባየች ጊዜ ተደነቀች። እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነው። እናቴ ሰዋስው አታውቅም፤ ሆኖም የምታውቀውንና የምትፈራውን በሁለት ልዩ ልዩ አንቀጽ ለይታ ነበር የላከችልኝ። የምትመለስ መሆንህን ካወቅሁ እንድትመለስ መመኘት ለምን አስፈለገኝ ብላ አልጠየቀችም። ሁለቱም እውነት ነበሩ።

በአንድ ነገር ግን እስፓኝኛ ከእኛ ይልቅ ይጠነቀቃል። «ስመለስ እነግርሃለሁ» ስንል፥ መመለሱ የተረጋገጠ ይሁን አይሁን አማርኛው ዝም ይላል። እስፓኝኛ ግን «ኳንዶ»፥ ማለትም ጊዜን የሚያመለክተው ቃል፥ ገና ላልደረሰ ነገር ሲነገር የምኞቱን አንቀጽ ያስከትላል፤ «ኳንዶ ሬግሬሴ»። «ኳንዶ ሬግሬሶ» ቢባል ዘወትር በምመለስበት ጊዜ ሁሉ የሚል ትርጉም ይሰጣል። ተናጋሪው የቱንም ያህል እርግጠኛ ቢሆን፥ ገና ያልመጣን ቀን እንደ ደረሰ አድርጎ እንዲናገር ቋንቋው አይፈቅድለትም። እኛ ያን ጊዜ ስለ አገራችን ስንነጋገር ዐረፍተ ነገሩን የምንጀምረው በዚህ ቃል ነበር፤ ስለዚህም መምህራችን ካስተማረችን ሕጎች ሁሉ ፈጥኖ የገባን ይህ ነው።

ከዚህም የሚርቅ አንድ ደረጃ አለ። ቢመለስ ኖሮ ለማለት «ሲ ሬግሬሳራ» ይባላል። ልብ በሉ፤ ይመለሳል የሚለው የትንቢት ቃልም «ሬግሬሳራ» ነበር። ድምፁ በመጨረሻዋ «ራ» ላይ ሲበረታ ሰውየው ይመጣል፤ በ«ሳ» ላይ ሲበረታ፥ መምጣቱ ያልታመነ ወይም የቀረ ነው። በ1983 ዓ.ም. በአገራችን መንግሥት ተለወጠ። ከእኛ መካከል ከዚያ በፊት የተመለሱ አሉ፥ በኋላ የተመለሱ አሉ፥ በዚያው የቀሩም አሉ። ከቀሩት ጓደኞቼ አንዱ በስልክ ሲያነጋግረኝ ይህችን ቃል ተናገረ፤ መስመሩ ጥሩ አልነበረምና ድምፁ በየትኛው ፊደል ላይ እንደ በረታ አልሰማሁም። ደግመህ በልልኝ አላልሁትም።

የትእዛዙ አንቀጽ አጭር ነው። ተመለስ ለማለት «ሬግሬሳ» ይበቃል፤ አትመለስ ለማለት ግን ትእዛዙ ይተውና የምኞቱ አንቀጽ ይመጣል፤ «ኖ ሬግሬሴስ»። እኛስ «ና» የምንለውን ሰው ስንከለክለው «አትና» እንላለን? «አትምጣ» ብለን ግሱን እንለውጣለን እንጂ። የከለከሉትን ነገር ባዘዙበት ቃል አለመናገር በሁለቱም ዘንድ አለ።

እንግዲህ «ፓርቲር» የሚባል ሌላ ግስ ልስጣችሁ፤ ተነሥቶ መሄድ ማለት ነው። ሕጉን የማያፈርስ፥ በ«ኢር» የሚያልቅ ግስ ነው። «ፓርቶ» እሄዳለሁ፥ «ፓርቴስ» ትሄዳለህ፥ «ፓርቴ» ይሄዳል። በዚህኛው ወገን ነገሩ ይገለበጣል፤ ለታመነው «ኤ» ትሆናለች፥ ለምኞቱ «አ» ትመጣለች፤ ይሄድ ዘንድ «ፓርታ» ነው። «ፓርቲሞስ» የሚለው ግን እንሄዳለንም ነው፥ ሄድንም ነው፤ «ሬግሬሳሞስ»ም እንዲሁ እንመለሳለንና ተመለስንን አይለይም። የድምፁ መበርታት እንኳ እዚህ አይረዳም፤ ትናንት ወይም ነገ የሚል ቃል ካልተጨመረበት በቀር ሰሚው በየትኛው ጊዜ እንዳለ አያውቅም።