እንደምታያት ናት

መኪናዋን የሸጥኩለት ልጅ ዛሬም «ጋሼ» ይለኛል። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ዋሽንግተን ዲሲ መሐል ከተማ፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ሥራው ከምድር በታች ሦስት ደርብ ወርዶ ነው፤ ቀንና ሌሊቱ አይለይም። አርብ አርብ አንድ ሸበቶ ጠበቃ የ1966 ሞዴል ፖንቲያክ ጂቲኦ ይዞ ይመጣል። መኪናዋ ከመታየቷ በፊት ትሰማለች። ግድግዳው ድምፁን እየተቀባበለ ሲያወርደው ደረቴ ውስጥ ከበሮ የሚመታ ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው ቁልፉን ለማንም አይሰጥም፣ ራሱ ነው የሚያቆማት። አንድ ቀን ግን ቸኩሎ ወረወረልኝ። የነዳኋት አርባ ሜትር ቢሆን ነው። አባቴ አዲስ አበባ ሰይቸንቶ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ሞተሯ አንድ ሊትር የማይሞላ፣ ዳገት ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ዘንበል እያለ የሚያግዛት። የዚህችኛዋ ሞተር ከስድስት ሊትር በላይ ነው። ነዳጁን በእግሬ ጫፍ ነካ ሳደርገው ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ፤ አርባው ሜትር አለቀ።

አሜሪካኖቹ እንዲህ ያሉትን «መስል ካር» ይሏቸዋል። ተራ የቤተሰብ መኪና ላይ ትልቅ ቪ8 ሞተር መጫን ነው ነገሩ። ጂቲኦ ከውልደቷ ጀምሮ ትንሽ ማጭበርበር አለባት። የፖንቲያክ እናት ኩባንያ ጄኔራል ሞተርስ መካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ «ክልከላው ለሞዴል ነው እንጂ ለተጨማሪ ዕቃ አይደለም» በሚል ብልሃት፣ ለማንስ በተባለችው የ1964 ሞዴል መኪናቸው ላይ 389ኙን ሞተር ገዢው ከፈለገ የሚጨመር ዕቃ አድርገው አስገቡት። ዋጋው 296 ዶላር ገደማ ነው። ስሙንም ከፌራሪ ወሰዱት። አምስት ሺህ ያህል ትሸጣለች የተባለችው መኪና በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠች። ፓራፋንጎው ላይ የተለጠፈው አርማ «6.5 ሊትር» ይላል፤ 389 ኪዩቢክ ኢንች ቢሰላ ግን 6.4 ነው። ይህን ሁሉ የማወራው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። በኋላ ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ስቆም ማስረጃዬ ይኸው ነበር።

የመስል ካሮቹ ዘመን አጭር ነበር። የመድን ክፍያው ናረ፣ የጭስ ሕጉ ጠበቀ፣ በመጨረሻ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ መጣ። አባቴና ጓደኞቹ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1966 ቤንዚን ተወዶባቸው ታክሲያቸውን ያቆሙት በዚያው ቀውስ ነው። ጂቲኦም በዚያው ዓመት፣ ፈረንጆቹ 1974 በሚሉት፣ የዚያን ዘመን የመጨረሻ ሞዴሏን አውጥታ ቆመች። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ቀን ቤት በመዋሉ ደስ ብሎኝ እንደነበር ብቻ ትዝ ይለኛል።

በ2008 የእቁብ ዕጣ ደረሰኝ። ሃያ ሰው፣ በወር ሺህ ዶላር። ባለቤቴ ገንዘቡን ለቤት ቅድመ ክፍያ አስባው ነበር፤ እኔ ደግሞ ሜሪላንድ ገጠር ውስጥ አንድ ጎተራ የቆመች ቀይ የ1965 ጂቲኦ አይቼ ነበር። ስንጨቃጨቅ ከርመን በመጨረሻ «መኪናዋስ ትሰማለች፤ የማትሰማው አንተ ነህ» ብላ ተወችኝ። ልገዛ ስሄድ ማግኔት ይዤ ነበር። ማግኔት ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ ላይ ይወድቃል፤ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር የለውም። ሻጩ ሞተሩን አስነሳ። ያ የምድር ቤቱ ድምፅ ነው። ማግኔቱ ከኪሴ ሳይወጣ ብሩን ቆጠርኩለት።

ቨርጂኒያ ውስጥ ጋራዥ ካለው የአገሬ ልጅ አንድ ጥግ ተከራይቼ መፍታት ጀመርኩ። እዚያ ጥግ ላይ የሚነገረው ቋንቋ ግሩም ነበር። መኪናዋ የዲትሮይት፣ እጁ የአበሻ፣ የዕቃው ስም ሁሉ የጣሊያን፦ ኮፈን፣ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ክሩስኮት። አንድ አሜሪካዊ ጎረቤት የምንነጋገረውን ሰምቶ ሮም የኖርን መስሎታል። ሥራው እንደ ወሬው አልጣፈጠም። የእነዚህ መኪኖች ደካማ ቦታ ከኋላ መስታወት ግርጌ ያለው ቦይ ነው። ጌጡ ሥር ውሃ ይተኛል፣ ላሜራውን ይበላዋል፣ ከዚያ ወደ ሻንጣው ወለል ይንጠባጠባል። የእኔዋን ሳልጠው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ወጣ፤ ከሥሩ ላሜራ የሚባል ነገር የለም። የሻንጣውን ወለል ቆርጬ አዲስ በየድኩ። ብየዳ የተማርኩት እዚያው ነው። ቀጭን ላሜራ ላይ እሳቱን አንድ ቦታ ካቆየኸው ወይ ይበሳል ወይ ይጣመማል፤ ነጥብ ነጥብ እያልክ፣ ቦታ እየቀያየርክ፣ እስኪበርድ እየጠበቅክ ነው። ችኩል ሰው ነኝ፤ ያንን ወለል ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

ቀለሙን ስልጥ ከቀዩ ሥር ፈዛዛ ሰማያዊ መጣ። ይህ ብርቅ አይደለም፣ ሰው መኪናውን ያስቀባል። ከኋላ በኩል ጎኗ ላይ «ጂቲኦ» የሚሉት ፊደላት የሚሰኩባቸው ቀዳዳዎች ግን ጠርዛቸው ሸካራ ነው፤ በእጅ መሰርሰሪያ የተበሱ። አጠገባቸው በስቱኮ የተደፈኑ ሌሎች ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የሌላ ስም ቀዳዳዎች።

የ1964 እና የ1965 ጂቲኦ በሻንሲ ቁጥሯ አትታወቅም። ለማንስ ላይ የተጨመረ ዕቃ ስለነበረች ቁጥሩ የሚለው ለማንስ ብቻ ነው። ራሷን ችላ በቁጥር የተለየችው ከ1966 ወዲህ ነው። ስለዚህ አንድን የ1965 መኪና ማንነቷን የሚናገርላት የፋብሪካው ደረሰኝ ነው፤ የፖንቲያክን የድሮ ደረሰኞች ቅጂ በክፍያ የሚልክ ድርጅት አለ። ጻፍኩ። በ2010 ጸደይ ፖስታው መጣ። ለማንስ። 326 ሞተር። ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ። ፈዛዛ ሰማያዊ። አሁን ያለው ሞተር 389 ይሁን እንጂ ፊቱ ላይ የተመታው ምልክት ከትልቋ የፖንቲያክ መኪና ከካታሊና የተነቀለ መሆኑን ይናገራል። የፖንቲያክ ሞተሮች ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፣ 326ም ሆነ 389።

ፖስታውን የልብስ ሳጥናችን መሳቢያ ውስጥ ከታች አስገባሁት። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

መኪናዋ በ2014 አለቀች። ቀይ ቀባኋት፤ ፊደላቱን አጥቤ፣ አብርቼ፣ በእጅ በተበሱት ቀዳዳዎች መልሼ ሰካኋቸው። ያኔ ነው ጥብቅና የጀመርኩት። ጂቲኦ ራሷ ለማንስ ናት፤ ትልቅ ሞተርና ሦስት ፊደል የተጨመረባት ለማንስ። ይህችም ለማንስ ናት፣ 389 ሞተር አላት፣ ሦስት ፊደል አላት። ልዩነቱ የተጨመረበት ቀን ነው። ፊደላቱንስ ከፌራሪ ሰርቀውት የለም? ደግሞ ጂም ዋንገርስ ነበረኝ። የፖንቲያክን ማስታወቂያ የሚሠራው ይህ ሰው በ1964 ለአንድ ታዋቂ የመኪና መጽሔት ፈተና የሰጣት ጂቲኦ ከቆመችበት ተነሥታ በ4.6 ሴኮንድ በሰዓት 60 ማይል ደረሰች ተብሎ ተጻፈ፤ ስሟም ገነነ። በ1998 ባሳተመው መጽሐፉ ያቺ መኪና 389ኙ ወጥቶ 421 ተገጥሞላት እንደነበር ራሱ ተናዘዘ። ከውጭ አይለይማ! ይህን ባነበብኩ ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም። ሰውዬው መናዘዙን ዘልዬ፣ ማድረጉን ብቻ ያዝኩ።

በ2016 ልጁ መጣ። አሌክሳንድሪያ ተወልዶ ያደገ፣ እናትና አባቱን ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ማጠራቀም የጀመረ ወጣት። አማርኛው እርስዎ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚለው፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ደስ ይላል፣ አባቱን እንደሚጠራ። መኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞራት። በርከክ ብሎ ሥሯን አየ። ከዚያ ጠየቀኝ፦

«ጋሼ፣ ወረቀት አላት?»

አሁን የምጽፈውን ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ በአእምሮዬ መልሼ ሰምቼዋለሁ። «የ65ቶቹ ቁጥራቸው አይናገርም» አልኩት። እውነት ነው። «ሞተሯ 389 ነው።» እውነት ነው። «የሠራኋት በገዛ እጄ ነው፤ እንደምታያት ናት።» ይህም እውነት ነው። አንዲት የሐሰት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ዓመታት ሙሉ ስለዚህች መኪና ያጠራቀምኩትን እውቀት በሙሉ ለአንድ ውሸት ቀጠርኩት። 38 ሺህ ዶላር ከፈለኝ። በእውነተኛ ስሟ ብሸጣት የዚያን ግማሽ ባገኝ ነው።

በ2018 ስልክ ደወለ። የመድን ድርጅቱ የመኪናዋን ዋጋ ለመተመን ማስረጃ ጠይቆት፣ ለዚያው የድሮ ደረሰኝ ለሚልከው ድርጅት ጽፎ ወረቀቱ መጥቶለታል። «ጋሼ፣ ጂቲኦ አይደለችም» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ክስ የለም። ያኔ እንኳ በሩ ክፍት ነበር። እኔ ግን «ምን ትላለህ! እኔንም አታለውኛል ማለት ነዋ!» አልኩ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጥኖ ወጣ፤ የተዘጋጀ ይመስል። ትንሽ ዝም አለና፣ «እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ያን ሁሉ ዓመት ለፍተህባት... አይዞህ ጋሼ» አለኝ።

ያታለልኩት ልጅ አጽናናኝ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ እየከበደ ሄደ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ ለማንስ ምን እንደሆነ፣ ጂቲኦ ምን እንደሆነ፣ ፋብሪካው ራሱ እንዴት እንዳጭበረበረ በዝርዝር አስረዳኋቸው። ብዙ ታገሡኝ። ሲሰለቻቸው «ልጁ ያውቃል?» አሉኝ። አያውቅም አልኩ። «እንግዲያው እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?»

ለባለቤቴ ነገርኳት። የተናደደችው በሽያጩ አይደለም፤ ልብሷን የምታስቀምጥበት መሳቢያ ከላይ፣ የእኔ ፖስታ ከሥር፣ ስምንት ዓመት አብረው መቀመጣቸው ነው ያንገበገባት። እንደገና እቁብ ገባሁ። ዕጣው እንዲቀድምልኝ ዳኛውን ለምኜ፣ 2019 ሳያልቅ አንድ ቅዳሜ ፖስታውንና የ18 ሺህ ዶላር ቼክ ይዤ ቤቱ ሄድኩ።

እናቱ ቡና አፍልታ ነበር። እሷ ወደ ማድ ቤት እስክትገባ ጠበቅኩ፤ ፈሪነቴ እዚያም አልተወኝም። ፖስታውን ሰጠሁት። ወረቀቱን አውጥቶ ያንኑ ራሱ ያለውን ጽሑፍ አየና ያልገባው መሰለ። ከዚያ ቀኑን አነበበ። 2010። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ቼኩን ስሰጠው «ኧረ አያስፈልግም» አላለኝም። አጥፎ ኪሱ ከተተው። እናቱ ሁለተኛውን ስኒ ይዛ መጣች፤ ጠጣን፤ ስለ አየሩ አወራን።

ከዚያ ወዲህ ለወራት አላየሁትም። ይሸጣታል ብዬ ነበር። የዚያን ዓመት ክረምት አልፎ በጸደይ ቤቴ በር ላይ ያ ድምፅ ተሰማ። ወጣሁ። ሰማያዊ አስቀብቷታል፣ ያንኑ የደረሰኙን ፈዛዛ ሰማያዊ። ከኋላ ጎኗ ላይ ፊደላቱ የሉም። ጎንበስ ብዬ ቀዳዳዎቹ የነበሩበትን ቦታ በመዳፌ ዳሰስኩ፤ ምንም የለም። በልማድ ኪሴን ፈተሽኩ፤ ያ ማግኔት እዚያው ቁልፌ ላይ ነው። ቦታው ላይ ሳስጠጋው ቷ ብሎ ተጣበቀ። ስቱኮ አይደለም፣ በየዶታል።

«ማን በየደልህ?» አልኩት።

«እኔው። አምስት ጊዜ አበላሽቼ።»

የመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ አንዲት የፕላስቲክ ከረጢት አወጣ። ሦስቱ ፊደላት ውስጧ ይንኳኳሉ። በሁለት እጁ ያዛትና ዘረጋልኝ።

«ይቺ የእርስዎ ናት፣ ጋሼ» አለኝ።