ሁለት ዘይት

በአማርኛችን ሁለቱም ዘይት ናቸው፤ አንዱ የሞተር ዘይት፣ ሌላው የፍሬን ዘይት። ሞተር ውስጥ የሚገባው ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ነው። ፍሬን ውስጥ የሚገባው ግን ዘይትነቱ ለስሙ ነው፤ እንደ ሞተሩ ከድፍድፍ የተጣራ ዘይት አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። እኔ ግን አውቅ ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው፣ ገና ረዳት ሳለሁ ናፍጣ በነካ እጄ ጎሚኒ የምንለውን የፍሬን ላስቲክ ላነሳ ስል አይቶኝ በካቻቢቴ እጀታ ጣቴን መትቶኛል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው አላወቅኩም ነበር ለማለት አይደለም።

በ1996 ዓ.ም. መራዊ ላይ በሰው ጋራዥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ዕድሜዬ 23 ነው፤ እጄ ፈጣን፣ አፌ ደግሞ ከእጄ የሚቀድም። የቡሬ ሰው የሆኑ አንድ ጡረተኛ ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ ብዬ ልለፈው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሐራጅ የገዟት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረቻቸው። ከቡሬ ተነስተው በኢንጅባራና በዳንግላ አድርገው መራዊ ድረስ ወደ እኔ ይመጡ ነበር። ይህን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ። የማልናገረው፣ የሚመጡት የኢንች ኪያቤ ስለነበረኝ መሆኑን ነው። የእንግሊዝ መኪና በሚሊ ሜትር ኪያቤ አይነካም። የግማሽ ኢንች ቡሎን ላይ 13 ቁጥር ይገባል፣ ልክ ነውም ያሰኛል፤ ቡሎኑ ጠበቅ ያለ ዕለት ግን ማዕዘኑን ልጦት ይወጣል።

መኪናዋ አጭሯ ነበረች፣ 88 ኢንቿ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራች። ላንድሮቨር መጀመሪያ በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ስትታይ እንግሊዝ ገና ከጦርነት መውጣቷ ነው፤ ብረት በልክ ይታደል ስለነበር አካሏን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። በችግር የተደረገው ነገር ለቡሬ ዝናብ በጀ። አካሏ አይዝግም። የሚዝገው ሻንሲዋ ነው፣ ከሥር፣ ዓይን በማያየው በኩል። ሰው ግን በሯን ዳብሶ አላረጀችም ይላል።

ጋሼ የመኪና ፍቅራቸው ከላንድሮቨር አያልፍም ብዬ ስገምት፣ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ስለ እሽቅድምድም መኪና ጀመሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የእንግሊዝ መጽሔት እየተዋሱ ያነቡ ነበርና ኤምጂውን፣ ትራያምፉን፣ ጃጓሩን በቃላቸው ያውቁታል። ደጋግመው የሚያወሩት የ1953 እ.ኤ.አ. ውድድር ነው፤ ፈረንሳይ አገር ለ ማን በምትባል ከተማ 24 ሰዓት ሙሉ የሚሮጠው። የከተማዋ ስም ያስቀኝ ነበር፤ "ለማን ነው ታዲያ የሚሮጡት?" እላቸዋለሁ። በዚያ ዓመት ጃጓር ሲ-ታይፕ አንደኛና ሁለተኛ ወጣ፤ አሸናፊው በአማካይ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ሲሮጥ በዚያ ውድድር የመጀመሪያው ሆነ። "ሞተሩ እኮ 3.4 ሊትር ነው፤ ፌራሪው ከዚህ የበለጠ ነበረው" ይሉኛል ጋሼ። እኔ እዚያ ላይ ጆሮዬን እዘጋለሁ፤ የሰማሁት ሞተር የሚለውን ነው። እሳቸው ግን የሚቀጥሉት ስለ ፍሬን ነበር። ጃጓሩ አዲሱን የዲስክ ፍሬን ገጥሞ ስለነበር፣ ታንቡር ያላቸው ሌሎቹ ኩርባው ሳይደርስ ገና ከሩቅ እግራቸውን ፍሬን ላይ ሲያሳርፉ እሱ ነዳጅ እንደረገጠ ወደ ኩርባው ይጠጋል። ይህን ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ አሁን ነው የምቆጥረው።

ነገሩ የተጀመረው አረቄ ቤት ነው። ቶዮታ ፒክአፕ ያለው አንድ የዱርቤቴ ነጋዴ የጋሼን መኪና "ያ የእንግሊዝ ጣሳ" አላት። ሳቅ ሆነ። ጋሼ አልተናደዱም፤ የተናደድኩት እኔ ነኝ። ከመራዊ ወጣ ብሎ ባለው የጥርጊያ መንገድ፣ ዛሬ 7000 ሄክታር የሚያጠጣው የቆጋ መስኖ ካለበት ሜዳ በኩል፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል እንሽቀዳደም ተባባልን። መያዣው ከጾሙ በኋላ የሚታረድ ሙክት። ጋሼ "ተው ልጄ፣ ይህች ለጭቃ እንጂ ለሩጫ አልተሠራችም" አሉ። "ጋሼ፣ ሦስት ቀን ይተዉልኝ፤ ከዚያ ያያሉ" አልኳቸው። ተዉልኝ።

በሦስቱ ቀን ያልነካሁት የላትም። በሮቿን ፈታሁ፣ ሸራዋን ገፈፍኩ፣ ኮፈኗ ላይ የተጫነውን ትርፍ ጎማ አወረድኩ፣ የኋላ ወንበሮቿን አወጣሁ። ካርቡራተሯን በትኜ በቤንዚን አጠብኩ። የቫልቮቹን ክፍተት የኢንች 10 ሺኛ ላይ አደረግሁት፤ ስምንቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በቀጭኗ የብረት ምላስ፣ ትንፋሼን ይዤ። ሰኞ ማታ ሞተሯን ሳስነሳ ድምፅዋ እንደተቃኘ ክራር ሆነልኝ። እጄን ታጥቤ ልወጣ ስል የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፈትኩት። ከግማሽ በታች ወርዷል።

መለዋወጫ የሚሸጠው ሰው ለቅሶ ሄዶ ሱቁን ዘግቷል። ባሕር ዳር ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ ለምሳ እመለሳለሁ። ግን ጠዋት የሰፈሩ ልጆች ሞተሩን ሊሰሙ ይመጣሉ፣ ቃል ገብቻለሁ። አጠገቤ የ40 ቁጥር የሞተር ዘይት ጀሪካን ነበር። ሁለት ሲኒ የሚሆን ጨመርኩ። ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ ሳደርገው ጠንከር አለ። ዘይት ዘይት ነው አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ድምፄን አውጥቼ። ከዚያ ክዳኑን በደንብ አጠበቅኩት።

የሞተር ዘይት የፍሬን ጎሚኒ ሲያገኝ ወዲያው አይጎዳውም፤ ቀስ ብሎ ያሳብጠዋል። ያበጠው ጎሚኒ ዘይቱ የሚመለስባትን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናታል። እግርህን ብታነሳም ፍሬኑ አይለቅም፤ የፍሬን ሸራው ታንቡሩን ይዞ ይጎተታል፣ ይግላል። በመጨረሻ ጎሚኒው ይልምና መያዝ ያቅተዋል። የዚያን ዘመን ላንድሮቨር ደግሞ አራቱም ጎማ በአንድ ማስተር፣ በአንድ መስመር ነው የሚያዘው። አንዱ ከሄደ ሁሉም ሄደ።

ረቡዕ ወደ 11 ሰዓት ላይ ተነሳን። ጾመ ሐዋርያት ገብቷል፣ ሰኔ ብቅ ብሏል፣ መሬቱ ርሷል ግን አልጨቀየም። ገና ከመነሻው ከበደችኝ። ቶዮታው ቀድሞኝ ሄደ። ሞተሩ ሰነፈ ብዬ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት። የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ፤ የእሱ ነው አልኩ፣ የቶዮታው። ሜትሯ በማይል ነው የሚቆጥረው፤ መርፌዋ 45ን ስታልፍ አየሁ። ወደ ወንዟ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ አንድ ሰው ቀንበሩን ተሸክሞ፣ ሁለት በሬዎቹን ከፊት ነድቶ መንገዱን ሊያቋርጥ ነው። ቶዮታው አለፈው። እኔ ፍሬን ያዝኩ፤ ፔዳሉ ትንሽ ተቃወመኝና ሰመጠ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ወለሉን ነካ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። የላንድሮቨር የእጅ ፍሬን ጎማውን አይደለም የሚይዘው፤ ወደ ኋላ አክስል የሚሄደውን ዘንግ ነው። እንደ በቅሎ ዘላ ተንጋደደች። ሰውየው ወደ ኋላ ተፈናጠረ። የፓራውልቷ ግራ ጫፍ የአንደኛውን በሬ ሁለት የኋላ እግሮች ሰበረ።

በሬው አልጮኸም። በፊት እግሮቹ ለመነሳት ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሰውየው ቀንበሩን አስቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ሌላኛው በሬ ትንሽ ራመድ ብሎ ሣር ይግጥ ጀመር።

ሳይሞት ባረኩት። ግን ጾም ነው፣ ማን ይበላዋል? ግማሹ ቋንጣ ሆኖ ተሰቀለ፣ ግማሹ ለውሻ ሆነ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጋሼ ሳይከራከሩ ዋጋውን ተቀበሉ፤ ግማሹን ያኔውኑ፣ የቀረውን ለመስከረም። ከዚያ ሁሉም እየሰማ ያሉትን ነው እስካሁን የምሰማው። "ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ባለፈው ዓመት ርካሽ ጎሚኒ ገዝቼ ያስገጠምኩ እኔ ነኝ። ስስቴ ነው በሬውን የገደለው።"

እኔ እዚያው ነበርኩ። ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ ከግራሩ ሥር። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት።

በማግስቱ ማስተሩን ብቻዬን ፈታሁት። ጎሚኒው እንደ አሹቅ ባቄላ አብጦ፣ ጠርዙ ተገልብጦ ነበር፤ በጣቴ ስጫነው የሞተር ዘይት ላብ አወጣ። ርካሽ ጎሚኒ ያልቃል፣ ይሰነጠቃል፤ እንዲህ አያብጥም። ሙያውን የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገቤ ቢኖር በዚያች ደቂቃ ይያዘኝ ነበር። ማንም አልነበረም። መስመሩን በሙሉ አጠብኩ፣ አዲስ ጎሚኒ ገጠምኩ፣ የእጄን ዋጋም ከጋሼ አልተቀበልኩም። ለዚህ ደግሞ መረቁኝ።

ላንድሮቨሯ በነሐሴ ተሸጠች፣ የመስከረሙን ዕዳ ለመክፈል። ጋሼ ከዚያ በኋላ መሪ አልያዙም። ባለ በሬው በእርሻ ወቅት ግማሽ ገንዘብ ይዞ በሬ ሊገዛ አልቻለምና ክረምቱን በመቀናጆ አረሰ፤ አንድ ቀን ለጎረቤቱ፣ አንድ ቀን ለራሱ። ዳጉሳው ዘግይቶ ተዘራ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ገበያ ሲመጣ ጋራዡ በር ላይ ቆም ይል ነበር፤ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል። ቂም አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ። መኪና አፍጥኜ የሰው በሬ ገደልኩ አልኳቸው። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ስለ ሁለቱ ሲኒ ዘይት አልነገርኳቸውም። ኑዛዜም እንደ ላንድሮቨር አካል ነው ለካ፤ ከላይ ሲያዩት አይዝግም።

አሁን ፍኖተ ሰላም የራሴ ጋራዥ አለኝ። ረዳቶቼ የፍሬን ዘይቱን ለምን ለብቻው እንደምቆልፍ አያውቁም፤ ንፉግ ነው ይሉኛል። ጎሚኒውን አልጣልኩትም። ትንሽ ጣሳ ውስጥ ነው ያለው። ዓመታት ሲያልፉ ጠነከረ፣ ቅርጹ ግን ያው ነው።

ባለፈው ጥር ጣሳውን ይዤ ቡሬ ሄድኩ። ጋሼ አርጅተዋል፤ አንድ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል። ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ጎሚኒውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ በጣታቸው አገላበጡት።

"ስንት ቁጥር ዘይት ነው?" አሉ።

"40፣ ጋሼ።"

"ሰኞ ጨምረህ ረቡዕ..." ብለው በሆዳቸው አሰሉት። "እንግዲያ መንገድ ላይ መጎተት ነበረባት።"

"ተጎትታለች። ሞተሩ የሰነፈ መስሎኝ ነው።"

በአፍንጫቸው ሳቁ፤ ወይም ሳቅ መሰለኝ። ከዚያ ዝም አሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ስስታም ነኝ ሲሉ እንደኖሩ፣ ልጆቻቸውም በዚያው እንደሚቀልዱባቸው ነገሩኝ፤ እንደ ወቀሳ አይደለም፣ ዝም ብሎ እንደ ወሬ። ቡና መጣ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ጎሚኒውን ጣሳው ውስጥ መልሰው ሰጡኝ።

"ለባለ በሬው ውሰድለት።"

"እሺ።"

"እሱ ግን ጎሚኒ አያውቅም። ከመጀመሪያው ጀምረህ ማስረዳት ሊኖርብህ ነው።"

ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ለራሴ ሞከርኩት። አያ፣ የፍሬን ዘይትና የሞተር ዘይት ይለያያሉ፣ ብዬ ጀመርኩ። ጎሚኒ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያብጥ፣ ሱቁ ለምን እንደተዘጋ። ማንኩሳ ስንደርስ ገና በሬው ጋ አልደረስኩም ነበር።