ውኃው የት ሄደ?

ዕድሜያችን ከአርባ ያለፈ ሰዎች ብዙዎቻችን ጢስ ዓባይን መጀመሪያ ያወቅነው ሄደን አይተነው ሳይሆን በኪሳችን ይዘነው ነው። የቀድሞው የአንድ ብር ኖት በፊቱ የአንድ ልጅ መልክ፣ በጀርባው ደግሞ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነበረበት። ሻይ የጠጣንበት፣ ደብተር የገዛንበት፣ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የጣልነው ያ ብር ዛሬ ሳንቲም ሆኗል። ልጆቻችን ሥዕሉን አያውቁትም።

ካላወቁት ማሳየት ነው ብዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከፍኖተ ሰላም ተነሣሁ። ወቅቱ ከፋሲካ በኋላ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ያረፉትና እናቴም ከቤት ለመውጣት የተመቻት ያኔ ነውና። በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አልፈን ወተት ዓባይ ከተማ አጠገብ ግልገል ዓባይን ስንሻገር እናቴ ልጆቹን ወደ መስኮቱ አስጠጋቻቸው። «ይኸ ውኃ የኛው ነው። ሰከላ ግሽ ዓባይ ተነሥቶ ነው የመጣ» አለቻቸው። እሷ ግሽ ዓባይን የምታውቀው በጠበሉና በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ነው። ካርታ አይታ አታውቅም፤ የወንዙን መንገድ ግን ከብዙ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ባልተናነሰ ታውቀዋለች።

የዓባይ መንገድ ለጎጃም ሰው የቤቱ አጥር ነው። ከሰከላ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይወርድና ጣና ይገባል። ከጣና በባሕር ዳር ይወጣል። 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ጢስ ዓባይ ላይ ገደል ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ከብቦ ይዞራል። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚሄድ ሰው መልሶ የሚያገኘው ይህንኑ ወንዝ ነው። እስከ ካርቱም 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

የጢስ ዓባይ ከተማ በጎጃም በኩል ባለው ዳር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ለመሬቱ ቅርጽ ምክንያቱ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ቀልጦ የፈሰሰው ድንጋይ ረግቶ ደረጃ ሠራ፤ ወንዙም ከደረጃው ላይ ይዘላል። ክረምት ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፤ ከፍታው ደግሞ ከ40 ሜትር አካባቢ ነው። ሲወድቅ የሚነሣው ጉም ከሩቅ ጢስ ይመስላልና ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጥቶ አይቶታል።

ከፏፏቴው በታች ያ ሁሉ ስፋት በድንገት ጠብቦ በድንጋይ መካከል ይሹለከለካል። በዚያ ጠባብ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ተሠራ። አላታ ድልድይ ይባላል፤ ብዙ ሰው ግን «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው፤ የአካባቢው ሰው እንቁላልም ተቀላቅሎበታል ይላል። ከዚያ በፊት ክረምት በገባ ቁጥር ዓባይ ጎጃምንና በጌምድርን ይለያይ ነበር። ድልድዩ ለነጋዴውም፣ ለሠርገኛውም፣ ለንጉሡ ጦርም መሻገሪያ ሆነ። ልጆቼ በላዩ ሲሮጡ እናቴ ጫማዋን አውልቃ ተሻገረች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ፏፏቴው ፊት ስንደርስ ግን በብሩ ላይ ያለው አልነበረም። ሰፊው ጥቁር ገደል ደርቆ፣ በአንድ ጎኑ ጥቂት ነጭ ውኃ ይወርዳል። ትንሹ ልጄ ዙሪያውን አየና «አባዬ፣ ውኃው የት ሄደ?» አለኝ።

መልሱ ቤታችን ውስጥ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ኃይሉ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ዛሬ 5,150 ሜጋ ዋት ያለውን የሕዳሴ ግድብ ለሚያውቅ ልጅ ይህ ኢምንት ነው፤ ያኔ ግን ለባሕር ዳርና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ብርሃን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው፣ 73 ሜጋ ዋት ያለው ማመንጫ ተጨመረ። ሁለቱም ውኃውን ከፏፏቴው በላይ በቦይ ቀድተው፣ በተርባይን አሳልፈው፣ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመልሱታል። ስለዚህ ተርባይን ያዞረ ውኃ ገደሉን አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት ያለው ጣና በለስ ደግሞ ውኃውን ከራሱ ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ በለስ ወንዝ ላይ ይለቀዋል። ያ ውኃ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው እታች መተከል በኩል ነው፤ ጢስ ዓባይን ከነጭራሹ አያያትም።

ይህን ለልጄ በአቅሙ ነገርኩት። ማታ የምታጠናበት አምፖል ውስጥ ገብቷል አልኩት። ትልቋ እህቱ ግን ቀበል አድርጋ «እዚህ ያሉት ልጆችስ?» አለች። በዙሪያችን ያጌጠ ቅልና ነጠላ የሚሸጡ እኩዮቿ ቆመው ነበር። እንግዳ የሚመጣው ፏፏቴውን ለማየት ነው፤ ፏፏቴው ሲመነምን የእነሱ ገበያም ይመነምናል። ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ መልስ የለኝም። እናቴ ብቻ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» አለች፤ ተረቱን ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ገብቶኝ አያውቅም።

አንዳንድ ወላጅ ልጆቹን ላለማሳዘን «አይ፣ በክረምት ይመለሳል» ብሎ ያልፋል። እውነት ነው፣ ክረምት ሲያይል ጢስ ዓባይ እንደገና ይጤሳል። ሆኖም ልጅ ሙሉውን ቢሰማ ይጠቀማል። አገር መብራት ስትፈልግ አንድ ነገር ትከፍላለች፤ ከፋዩም ስምና መንደር አለው። ይህን የተረዳ ልጅ ነገ መሐንዲስ ቢሆን ወይም የቀበሌ ሊቀ መንበር ቢሆን፣ ውኃውን ሲያካፍል ለፏፏቴውና ለመንደሩም ድርሻ ማስቀመጥ እንዳለበት ያስባል ብዬ አምናለሁ።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ምረጡ። መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጉልበት ያለው በአላታ ድልድይ በኩል ይሂድ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታልና ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል። አያቶች ውኃው ሲፈቅድ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ቢሻገሩ ድካሙ ይቀንሳል። በእጃችሁ የቀረ አሮጌ የአንድ ብር ኖት ካለ ይዛችሁ ሂዱና ልጆቹ ከፊታቸው ካለው ጋር ያስተያዩት። ከቅል ሻጮቹም አንድ ግዙ።