በጊታሩ ሆድ ውስጥ የተጻፈ ስም

በ1965 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እንግሊዝኛ ያስተምረን የነበረ የፒስ ኮር አሜሪካዊ አንዳንድ ቀን ጊታሩን ይዞ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። እኔን የሳበኝ ግን ክሩ ሳይሆን ክቡ ቀዳዳ ነው። ዓይኔን አስጠግቼ ወደ ሆዱ ስመለከት፣ ጀርባው መሐል ላይ በተለጠፈች ቀጭን እንጨት ላይ የታተመ ጽሑፍ አየሁ። የላይኛው መስመር አልገባኝም። የታችኛውን ፊደል በፊደል ቆጥሬ ስደርስበት “ናዝሬት” ይላል።

ማታ ለእናቴ ፈረንጆች የሚጫወቱበት ጊታር እኛ ከተማ እንደሚሠራ ነገርኳት። አመነችኝ። ባቡሩ በደጃችን ያልፋል፣ ስኳሩ ወንጂ ይመረታል፤ ጊታር ቢሠራ ምን ይገርማል? በማግስቱ መምህሩ ስቆ፣ ሌላ ናዝሬት አለች፣ እኔ አገር ናት አለኝ። ያቺን ሌላ ናዝሬት ለማየት ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

ባለፈው ጥቅምት ሜሪላንድ የምትኖረው ልጄ “አባዬ፣ የት ልውሰድህ?” ስትለኝ ኒያጋራን አላነሳሁም። ጠዋት ተነስተን ወደ ሰሜን ነዳን። ቤተልሔም የምትባል ከተማ አልፈን ጥቂት እንደሄድን “ናዝሬት” የሚል ታፔላ መጣ። ልጄ መኪናውን ዳር አስያዘችልኝና ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ። የሚያልፉት ሰዎች ምን እንዳሉ እንጃ፤ እኔ ግን እንባዬ መጥቶ ነበር።

ስድስት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ጸጥ ያለች ከተማ ናት። የኛን ነፋስና አቧራ፣ የባጃጁን ጩኸት ለለመደ ሰው ዝምታዋ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1740 ሞራቪያውያን የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ሲሰፍሩባት ስሟን ከወንጌል አወጡላት። የኛዋን ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚያው ወንጌል ወስደው ናዝሬት አሏት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የኦሮምኛ ስሟ አዳማ ተመለሰላት። እኔ ሁለቱንም ስም እጠራለሁ። የተወለድኩት በአንዱ ነው፣ የማረጀው በሌላው።

የመምህሬ ጊታር የማርቲን ፋብሪካ ሥራ ነበር። መሥራቹ ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1796 ማርክኖይኪርሸን በምትባል የጀርመን የሳክሶኒ ከተማ ከአናጢ ቤተሰብ ተወለደ። ቪየና ሄዶ ሙያውን ተምሮ ሲመለስ ጠብ ጠበቀው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ሙያ ማኅበር ነበረው፤ ቫዮሊን ሠሪዎቹ፣ ጊታር የኛ የጥበበኞች ሥራ እንጂ አልጋና ቁም ሳጥን የሚገጣጥም አናጢ የሚነካው አይደለም ብለው ከሰሱ። በ1826 ሞከሩ፣ በ1832 ደገሙት፣ ሁለቴም ተረቱ። ማርቲን ግን በ1833 ቤተሰቡን ይዞ ኒውዮርክ ገባ፤ ሐድሰን መንገድ ላይ ሱቅ ከፈተ። በ1839 ሱቁን ሸጦ፣ ጓደኛው ሐይንሪክ ሻትስ ቀድሞት መሬት ወደ ገዛባት ወደ ናዝሬት መጣ። የቤተሰቡ ዋና ፋብሪካ ከዚያ ወዲህ ከዚህች ከተማ አካባቢ አልወጣም፤ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ስድስት ትውልድ ዘለቀ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ትዝ ያለኝ የሞጆው አናጢ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ክራር ካልገዛችሁልኝ ብዬ ባስቸግር፣ አባቴ ሞጆ ወስዶ በርና መስኮት ለሚሠራ ሰው አዘዘልኝ። ሰውየው ዋንዛውን ፈልፍሎ፣ የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ ስድስት ጅማት አስሮ በሦስት ሳምንት አስረከበን። እስከ ዛሬ አዳማ ቤታችን ግድግዳ ላይ አለ። የሰውየውን ስም ግን አላውቅም። “አናጢው” ነበር የምንለው፤ አባቴም እንደዚያ ነው የጠራው፤ ገንዘቡን ሲሰጠውም እንደዚያው።

ናዝሬት የማርቲንን ፋብሪካ ስንጎበኝ ብዙ የቆየሁት አንዲት ጎልማሳ ሴት ጠረጴዛ አጠገብ ነው። በሙቀት የጎበጠውን የጊታር ጎን ይዛ፣ ክዳኑ የሚያርፍበትን ጥርስ ጥርስ ያለው ቀጭን እንጨት በዙሪያው በኮላ ትለጥፋለች። እንዳይላቀቅ የምትይዝበት ምን ይመስላችኋል? የልብስ መቆንጠጫ! እኛ ግቢ ገመድ ላይ የሚውለው ያው ነው። አንድ በአንድ፣ ጎን ለጎን፣ ጊታሩ ጃርት እስኪመስል ትደረድረዋለች። አንዱን አንስታ ሰጠችኝ። እኔም ሰካሁት። እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

ከክዳኑ ሥር፣ ጊታሩ ከተዘጋ በኋላ ማንም በማያየው ቦታ፣ ሁለት ዘንጎች በመስቀልያ ተጋድመዋል። ማርቲን ይህን አሠራር የያዘው በ1840ዎቹ ነው፤ ያኔ ጊታር እንደኛ ክራር ጅማት ነበር የሚታሰርለት። በ1920ዎቹ ሰው ድምፁ ይጉላልን ብሎ ወደ ብረት ክር ሲዞር ስስ ክዳን ጉልበቱን የሚችለው አልነበረም፤ ያ መስቀልያ ግን ቻለው። ዛሬ በየቦታው የምናየው ትከሻ ሰፊው ጊታርም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው፤ በ1916 ለአንድ የቦስተን ነጋዴ ተሠርቶ በእንግሊዞች የጦር መርከብ ድሬድኖት ተሰየመ፣ በ1931 ማርቲን በራሱ ስም አወጣው። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የተሠሩት ዲ-45 የሚባሉት 91 ብቻ ናቸው፤ ዋጋቸውን መጥራት ያስፈራል። የሮክ ዘፋኙ ከርት ኮቤይን የተጫወተበት የ1959 ማርቲን በ2020 ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

እኔን ያስቀናኝ ዋጋው አይደለም፤ መዝገቡ ነው። ከ1898 ጀምሮ እያንዳንዱ ጊታር አንገቱ ከሆዱ በሚጋጠምበት እንጨት ላይ ቁጥር ይመታበታል። እስከዚያ 8,000 ያህል ሠርተናል ብለው ገምተው ከዚያ መቁጠር ጀመሩ፤ ሚሊዮኑ በ2004 ሞላ፣ ሁለተኛው ሚሊዮን በ2017። የመጀመሪያው ከመቶ ዓመት በላይ ሲፈጅ ለሁለተኛው አሥራ ሦስት ዓመት በቃ። ያም ሆኖ ቁጥሩን ያየ ሰው ጊታሩ በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ያውቃል።

እኛ ዘፋኙን እናከብራለን፤ ደግ ነው። አሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚያው አዳማ ሆስፒታል ሲያርፍ ከተማው ሁሉ አዘነ፣ እኔም አለቀስኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን የያዘውን ኡድ ማን ጠረበው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ከሻሸመኔ እስከ መቂ በየሠርጉ የሰማሁትን ክራርና ማሲንቆ ማን ፈለፈለው፣ ማን ቆዳውን ወጠረው? ሠሪውን “ባለእጅ” እያልን በንቀት ስንጠራ ኖረን፣ ስሙን ከሥራው ጋር ቀበርነው። የማርክኖይኪርሸን ክስ ተሸንፎ ቀርቷል። የኛ ግን ያለ ዳኛ ያለ ችሎት እንደተፈረደ ይኖራል፤ ይህ ያመኛል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሆኜ አዳማ ላለው ወንድሜ ደወልኩ። እዚያ መሽቶ ነበር።

“ወንድምጋሼ፣ ደህና ነህ? ምነው በሌሊት?”

“ክራሩን አውርደው። በቆዳው ቀዳዳ የስልክህን መብራት አብራና ውስጡን እየው።”

“ምን ልፈልግ?”

“የተጻፈ ነገር ካለ።”

ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ፤ ከዚያ አቧራውን ሲያራግፍ። ልጄ የሬዲዮኑን ድምፅ ቀነሰችው።

“ጽሑፍ የለም፤” አለኝ ቆይቶ። “ሁለት የእርሳስ መስመር አለ። ሲለካ ያሰመረው መሰለኝ።”

ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት።