እህል በረንዳ በረመዳን ዋዜማ

የሻዕባን ወር ሊገባደድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከባለቤቴና ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር ወደ መርካቶ ወረድን። ዙህርን በታላቁ አንዋር መስጊድ ሰግደን፣ ከተሸካሚውና ከጋሪው ጋር እየተጋፋን እህል በረንዳ ደረስን። ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚህ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው።

አምና ጤፍ ከሰፈር ሱቅ አምስት አምስት ኪሎ እየገዛን የመምህር ደመወዜ ከወሩ እኩሌታ አልዘለቀም። በጾም ወር ወጪ ይቀንሳል የሚል ካለ የእኛን ቤት አላየም፤ ሳምቡሳው አለ፣ ሾርባው አለ፣ ተምሩ አለ። ዘንድሮ ሁለቱ ሴቶች አንድ ኩንታል፣ ማለትም 100 ኪሎ ጤፍ በጋራ ገዝተን እንካፈል ብለው ተማከሩ። እኔ የተጠራሁት ለሸክም ይመስለኛል።

ማኛው፣ ነጩ፣ ሰርገኛው፣ ቀዩ ጤፍ አፉ በተከፈተ ጆንያ ተደርድሯል። ማኛው ከኪሳችን በላይ ስለሆነ አለፍነው። አንዱን ነጭ ጤፍ አየሁና «ይኸው፣ ጥሩ ነው» አልኩ። ባለቤቴ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ሰደደችው። ከሥር ያወጣችው እፍኝ ጠቆር ያለ፣ አፈር ያለበት ነበር።

«አባባ፣ የላዩና የታቹ ለየቅል ሆነብኝሳ?»

«ሲራገፍ ተደባልቆ ነው ልጄ» አሉ ነጋዴው።

እኔ አፈርኩ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው እርጥበት ማግኘታቸውን፣ ሻጩንም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው መገሠጻቸውን የሚነግረንን ሐዲስ በየዓመቱ ለልጆች አስተምራለሁ። እጄን ጆንያ ውስጥ ከትቼ ግን አላውቅም ነበር።

ሦስት በረንዳ ዞርን። በመጨረሻ አንድ ወጣት ነጋዴ ሳንጠይቀው ከጆንያው ሥር ዝቆ፣ «ሰርገኛ ነው፤ ነጭ ነው ብዬ አልሸጥላችሁም» አለን። ዋጋውም ከነጩ ዝቅ ያለ ነበር። ሚዛኑን ራሴ ቆሜ አየሁ፤ ቢያንስ ይህችን ተምሬያለሁ።

ማታ ከመግሪብ በኋላ ሳሎናችን ወለል ላይ ሸራ ተዘርግቶ በጣሳ ተካፈሉት፤ አንድ ለእኛ፣ አንድ ለእሷ። በመጨረሻ አንዲት ጣሳ ተረፈች። ባለቤቴ ወደ እኔ ሳታይ በጎረቤታችን ጆንያ ላይ ገለበጠቻት።